ከመስከረም እስከ መስከረም በአንድ ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ከተማው ውስጥ ባጃጅ ጠፋ። ነዳጅ የለም ተብሎ ባጃጆቹ ማደያው በር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹም ውስጣቸው ተኝተዋል። እኔ ደግሞ ባንክ መድረስ ነበረብኝ። ዳንግላ ላይ ባጃጅ ሲጠፋ የሚገኘው ጋሪ ነው፤ ጋሪ ከተሳፈርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። "ስንት ትወስደኛለህ?" አልኩት አንዱን ባለጋሪ። "ለእርስዎ ሠላሳ ብር፣ እናቴ።" "ለእኔ ብቻ ነው ሠላሳ ወይስ ለሁሉም?" ሳቀ። "ለሁሉም ሠላሳ ነው፤ እርስዎን ግን ደግፌ አወጣዎታለሁ።" እውነቱን ነው፣ ደግፎ አወጣኝ። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር የፈረሱ ጀርባ ይተናል። የረጠበ ፈረስ፣ የቆዳ መታጠቂያ፣ ከእግሬ ሥር የተነጠፈ እርጥብ ሣር፤ ሦስቱ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ መታወቂያዬንና ጉርድ ፎቶዬን የያዝኩበትን ፌስታል ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። የቤቴ ካርታማ ባንክ ቤት ከገባ ቆይቷል።

የምሄደው ዕዳዬን ለማዛወር ነው። ልጄ ደሳለኝ ቆሰበር ላይ፣ አሁን እንጅባራ በሚሉት፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥበት ሱቅ ሲከፍት ሟቹ ባለቤቴ የሠራውን ቤት አስይዤ ተበድሬለት ነበር። ያ ባንክ ወለዱን አንዴ ጨመረ፤ ቆይቶም ደገመው። አሁን ደሳለኝ በስሜ ያመለከተበት ሌላ ባንክ ዕዳውን ከፍሎ ቤቱን ራሱ መያዣ ሊያደርግ ተስማማ። ታዲያ ምርጫ አለው። አንደኛው ወለድ ዛሬ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገ ግን ባንኩ ገበያውን እያየ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ዛሬ በጥቂት ይበልጣል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ግን ማንም አይነካውም። ደሳለኝ በማለዳ ደውሎ፣ "እማዬ፣ ዝቅተኛውን በያቸው። ርካሹ እያለ ውዱን የሚመርጥ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም" አለኝ። "እኔ አይቻለሁ" ስለው ኔትወርኩ ተቆረጠ። ያየሁት ሰው እኔው ራሴ ነኝ።

ያኔ ልጃገረድ ነበርኩ። ዛሬ አስፋልት የሄደባት ዳንግላ ጠዋት ጠዋት በጋሪ ጎማ ድምፅ ነበር የምትነቃው። መናኸሪያ የሚባል አጥር ያለው ግቢ አልነበረም፤ ከቆሰበር ድንች ጭኖ የሚመጣው መኪና ትልቁ ሾላ ሥር ያራግፋል፤ ሾላውም ዛሬ የለም፣ ባለ አራት ፎቅ ቆሞበታል። ከሾላው ማዶ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው መኪናቸውን በእግራቸው ይመታሉ። ቀጥሎ የሐጂ ሱቅ ነበር። ሐጂ ሬዲዮናቸውን በቆዳ ልብስ አልብሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል፤ ጥሩ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርገው እንዳልሰሙ ሆነው ስኳር ይመዝናሉ፤ እኛ ደግሞ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ቆመን ዘፈኑን እንጨርሳለን። የስሙኒ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ያጠጣ ነበር። ኮንጎ ጫማ በሁለት ብር ነበር የገዛሁት፤ ሲዘንብ ታጥቦ የሚደርቅ፣ ሲሞቅ እግር የሚያቃጥል። አረንጓዴ አበባ ያለበት ቴትሮን ከሐጂ ዘንድ አስቆርጠን እኔና ብርቄ አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፋን፤ የማያውቀን ሰው እህትማማቾች ናቸው ይለን ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው።

ብርቄና እኔ ድንች ቸርቻሪዎች ነበርን። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጆንያ ከሾላው ሥር ተረክበን ቁልቁል ገበያው ድረስ በጋሪ እናስወስዳለን። በበጋ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጋሪም እንደ ልብ ነው፤ ስሙኒ ከተሰጠው ጆንያ የሚጭን አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ግን ቁልቁለቱ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ፈረሱ ይሰምጣል፣ ጎማው ይያዛል፣ ስሙኒው አንድ ብር ይገባል። በዚህ የተነሳ የጋሪ ሰዎች ልማድ ነበራቸው። መስቀል እንዳለፈ ከነጋዴ ጋር የዓመት ቁርጥ ይዋዋላሉ፤ በጋም ሆነ ክረምት፣ ከመስከረም እስከ መስከረም በአንድ ዋጋ። በበጋ ነጋዴው ይጎዳል፣ በክረምት ባለጋሪው ይጎዳል፣ ዓመቱ ሲዞር ሁለቱም እኩል ይወጣሉ። ወረቀት አልነበረውም። በፈረሱ ጎን የሚዘረጋውን የጋሪውን እንጨት ሁሉም በእጁ ይይዛል፤ የጋሪ ማቆሚያው ሽማግሌ ዋጋውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በቃ፣ ታስረዋል ማለት ነው። ለአንድ ጆንያ ብቻ ዓመት ሙሉ የሚታሰር ባለጋሪ ስለሌለ እኔና ብርቄ ከአያ ካሴ ጋር አብረን ተዋዋልን።

አያ ካሴ ለሰው አማርኛ፣ ለፈረሱ አገውኛ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ፈረሳቸው ዳማ ነው፤ ከእኛ ይልቅ እሱን ነበር የሚያማክሩት። ዋጋው ለጆንያ ሃምሳ ሳንቲም ሲባል ብርቄ፣ "አያ ካሴ፣ የሚጭኑት ድንቹን ነው ወይስ እኛንም ጨምረው?" አለች። "አንቺንማ ብጭን ፈረሴ ይለግማል፤ ድንቹ ቢያንስ አፍ የለውም" አሏት። ሽማግሌው ሳይቀሩ ሳቁ። ሦስታችንም እንጨቱን ያዝን። የእንጨቱ ልስላሴ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ።

ጥር ላይ ነው፤ ሠርግ የበዛበት፣ ድንች የሚፈለግበት ጊዜ። አያ ካሴ የኔን ጆንያ ጭነው ቁልቁል ስንወርድ አንድ ሌላ ጋሪ እየበረረ አለፈን፤ ላዩ ላይ የብርቄ ጆንያ ነበር፣ አፉን እኔው ራሴ የሰፋሁት። ገበያ ስደርስ፣ "ብርቄ፣ ያ የማን ጋሪ ነው?" አልኳት። "በስሙኒ የሚወስድ ሰው ጋሪ ነው" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታሽ። "ውላችንስ?" "እንጨት ስለያዝሽ ጋሪውን ያገባሽው መሰለሽ እንዴ? አያ ካሴ እንደሆኑ ዕቃ አላጡም።" እኔ ግን በሃምሳ ሳንቲሙ ቀጠልኩ። የጎን ቸርቻሪዎች ሁሉ ያፌዙብኝ ነበር፤ "ሀብታሟ መጣች" ይሉኛል። በየገበያው ስሙኒ እየከሰርኩ፣ ክረምት ይመጣል ብዬ እጽናና ነበር።

ክረምቱም መጣ። ሐምሌ ላይ ጆንያዬን ሾላው ሥር አቁሜ ስጠብቅ አያ ካሴ መጡና ፈረሱን ሳያቆሙ፣ "ከዛሬ ጀምሮ አንድ ብር ነው" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። "ቁርጡ ፈርሷል። ሁለት ሆናችሁ ተዋውላችሁ አንዳችሁ ትታለች። በግማሽ ጭነት በዚህ ጭቃ ፈረሴን አልገድልም።" "እኔ እኮ በጋውን ሙሉ ስከፍልዎ ነበር! አንድ ቀን ቀርቼ አውቃለሁ?" "አልቀረሽም" አሉ። "አልቀረሽም፤ ግን ውሉ የሁለታችሁ ነበር።" ሽማግሌው ተጠሩ። ጃኖ የለበሱ፣ ሲናገሩ ጺማቸውን የሚዳብሱ ሰው ነበሩ። ግራ ቀኙን ሰሙና፣ "ካሴ ልክ ነው። ከጓደኛሽ ጋር ተፋረጂ" አሉኝ። ዞሬ ብርቄን አየኋት። እዚያው ቆማለች፤ ያንኑ አረንጓዴ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ከፍላለች" ብትል ምንም አይቀርባትም ነበር። አላለችም። ኮንጎ ጫማዋን አየች። ከዚያ ከመቀነቷ አንድ ብር ፈትታ ለአያ ካሴ ሰጠች፤ ጆንያዋን አስጫነች፤ ራሷም ጋሪው ላይ ወጣች።

እኔ አንድ ብር አልሰጠሁም። አጥቼ አይደለም። ድንቹን በሁለት ከፍዬ፣ እኩሌታውን ለሐጂ በአደራ ትቼ፣ እኩሌታውን በጀርባዬ አዝዬ ወረድኩ፤ ተመልሼም ሌላውን አወረድኩ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ አደረግሁ። እናቴ፣ "ወገብሽ ይሰበራል፣ ባልም አታገኚ" ብላ አለቀሰች። አያ ካሴ በአጠገቤ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ፈረሱ ያዞራሉ። ብርቄ ግን ቀና ብላ ነበር የምታልፈኝ፤ ነጠላዋን ከጭቃው ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንዳንዴም፣ "ኧረ ነይ ውጪ፣ አትግደርደሪ" እያለች። ከዓመታት በኋላ ለቅሶዋ ላይ ተገኝቻለሁ፤ እንባም ወጥቶኛል። ይቅር አልኳት ማለት ግን አይደለም። የከሰርኩት ስሙኒ ቀርቷል፤ የማይረሳኝ ጫማዋን ያየችበት ሰዓት ነው።

ጋሪው ባንኩ በር ላይ ሲቆም ወደ ዛሬ ተመለስኩ። ባለጋሪውን "ጠብቀኝ፣ በዚያው ዋጋ ትመልሰኛለህ" አልኩት፤ "እሺ እናቴ" አለ።

ከመግባቴ በፊት ስለ ደሳለኝ ትንሽ ልናገር። የመጀመሪያውን ብድር የፈረምኩ ዕለት ሠራተኛውን፣ "ይሄ ወለድ ይጨምራል?" ብዬ ጠይቄው ነበር። ሠራተኛው ሳይመልስ ደሳለኝ ቀደመውና፣ "አይጨምርም፣ እማዬ። በየወሩ እኔው ነኝ የምከፍለው፤ ዝም ብለሽ ፈርሚ" አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት ነው፤ የቤት መያዣ ውል ለማንበብ አይበቃም። ልጄን አመንኩ። ወለዱ የጨመረ ወር ደሳለኝ የላከው ያንኑ የድሮውን ነበር። ስደውልለት፣ "እማዬ፣ እኔ የተስማማሁት በዚያ ነው" አለኝ። ባንኩ እንደፈለገ ይጨምራል፣ ልጄ ሳንቲም አይጨምርም፣ መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የጎደለውን ለመሙላት መንገድ ዳር ያለውን ክፍሌን ለሞባይል ጠጋኝ አከራየሁ፤ አልጋዬን ማድ ቤት አስገባሁ። ከባሌ ጋር ያረጀሁበት ክፍል ውስጥ አሁን የሰው ስልክ ይፈታል፤ የልጅ ልጆቼ ሲመጡ የሚያድሩበት የለም። ይህን ሁሉ ደሳለኝ ያውቃል።

ባንኩ ውስጥ የብድር ጉዳይ የምትሠራው ሰሚራ የምትባል ወጣት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ቀስ ብላም አስረዳችኝ። "እማማ፣ ቋሚው ዛሬ በጥቂት ይበልጣል። ነገ ገበያው ቢወርድ እንኳ እርስዎ የሚከፍሉት ያንኑ ነው። ይህን ሳልነግርዎ ባስፈርምዎ ልክ አይሆንም።"

"ገበያው ቢወጣስ?"

"ያኔም ያንኑ።"

"ባንኩ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ ብሎ አይመጣብኝም?"

ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። "አይመጣም። እርስዎም ታስረዋል፣ ባንኩም ታስሯል።"

"ከሌላ ሰው ጋር ነው የታሰርኩት ወይስ ብቻዬን?"

"ብቻዎን ነው እማማ፤ ቤቱ በእርስዎ ስም ነው።"

"እንግዲያው ቋሚው ይሁን።"

"ወርሃዊውን እንደገና ላስላው" ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ልጅዎ ያመለከተው በተለዋዋጩ ስለሆነ ነው አለችኝ። ቁጥሩን ስትነግረኝ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። "ልጄ፣ በጥቂት ይበልጣል አላልሽኝም? ይሄ እኮ የማከራየውን ክፍል ሁለት ጊዜ ባከራየውም አይሞላም!"

"ወለዱ የጨመረው ጥቂት ነው፣ እማማ። የቀረው ከተጨማሪው ብድር ነው።"

"የቱ ተጨማሪ?"

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። "ልጅዎ ማመልከቻው ላይ የጠየቀው። የድሮውን ዕዳ ከዘጋን በኋላ የሚተርፈው ለሱቁ... አልነገረዎትም?"

ያን ጊዜ ገባኝ። በዝቅተኛው ሲሰላ የመጀመሪያው ዓመት የሚከፈለው ወለዱ ብቻ ስለሆነ፣ ተጨማሪው ብድር ቢገባበትም እንኳ የዚያ ዓመት ክፍያ አሁን ከምከፍለው ብዙም አይርቅም። ደሳለኝ፣ "ይኸው፣ ያው ነው እማዬ" ይለኛል፤ እኔም ያው ነው ብዬ እፈርማለሁ። ርካሹን ምረጪ ያለኝ ለእኔ አዝኖ አልነበረም። ጆንያዬ ላይ ሌላ ጆንያ ደርቦ ክብደቱ እንዳይሰማኝ ቁልቁለቱን መርጦልኛል። ዳገቱ ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው እሱም ያውቀዋል።

ስልኩ ስለተቆረጠበት ይሁን ልቡ ነግሮት እንጃ፣ ደሳለኝ ከቆሰበር ሚኒባስ ይዞ መጥቶ ኖሯል፤ የባንኩን በር ገፍቶ ገባ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል፤ ጃኬቱ ላይ ጠብታ አለ። ሰሚራን ሰላም ሊል እጁን ዘረጋ፤ የኔን ፊት ሲያይ እጁን መለሰ።

"ተጨማሪው ምንድነው?" አልኩት።

"እማዬ፣ ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ? ቤቱን ለጨረታ ሲያወጡት?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ሱቁ ሊዘጋ ነው። በዱቤ ቆርቆሮ የወሰዱ ሰዎች አልከፈሉኝም። ትንሽ ባገኝ እቋቋማለሁ።"

"ይህን መጥተህ ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር?"

"እምቢ ትይ ነበር።"

"እምቢ እንደምል ካወቅህ ታዲያ ለምን አደረግኸው?"

አንገቱን አከከ። "ቤቱ እኮ ነገ ለኔው ነው የሚቀረው፣ እማዬ። ከራሴ ነው የወሰድኩት።"

"ነገ ያንተ ነው" አልኩት። "ዛሬስ የማን ነው?"

ወለሉን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። የጠቆረ፣ የተወለወለ ጫማ ነው። እኔም ጫማውን ሳየው ያ ሾላ፣ ያ አረንጓዴ አበባ፣ ያ ዝምታ እላዬ ላይ ወረደ። ብርቄን አልወለድኳትም። ይህንን ግን አዝዬ አሳድጌዋለሁ፤ በዚያው ድንች ባዘልኩበት ጀርባ።

"ሰሚራ" አልኩ፣ "ያለብኝን ዕዳ ብቻ፣ በቋሚው። ሌላውን አውጪልኝ።" ሰሚራ ደሳለኝን አላየችውም። "ሥራ አስኪያጁ እንደገና ማጽደቅ አለበት፤ ይቆያል እማማ" አለች። "እቆያለሁ" አልኳት። ዝናቡ የባንኩን ቆርቆሮ እየደበደበ እኔ አንድ ወንበር ላይ፣ ደሳለኝ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መሃላችን ባዶ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "የድሮውን መላክ አላቋርጥም" አለ። እንደ ችሮታ ነው የተናገረው። ውሉ ሲደርስ ሰሚራ እያንዳንዱን ገጽ አነበበችልኝ፤ ገጹ ሲያልቅ እየጠየቅሁ፣ ስትመልስልኝ እየፈረምኩ ጨረስኩ።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ግን ውሃ ሆኗል። ባለጋሪው በረንዳ ሥር ጠብቆኛል። "ይውጡ እናቴ። ስልሳ ነው።"

"ጠዋት በስንት ተነጋገርን?"

"ጠዋትማ ዝናብ አልነበረም። መንገዱን አያዩትም እንዴ?"

"አየዋለሁ" አልኩና ነጠላዬን ከፍ አድርጌ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ጮኸ፤ እንዳልሰማሁት ሆንኩ። ከኋላዬ ደሳለኝ ከባለጋሪው ጋር ሲነጋገር፣ ከዚያም ጋሪው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቀስ ብሎ አጠገቤ ደረሰ። ልጄ ላዩ ላይ ተቀምጧል፤ ሱሪው ጭቃ እንዳይነካው ከጉልበቱ ሰብስቦ ይዟል። "እማዬ፣ ነይ ውጪ፤ ከፍዬለታለሁ እኮ። ሰው ምን ይለናል?"

መልስ ነበረኝ። አንድ ነገር እስኪል ጠበቅሁ እንጂ። "በደልኩሽ" ቢል፣ ወይም ዝም ብሎ ወርዶ አጠገቤ ቢራመድ፣ እኔ ምን አስቸኮለኝ፤ ጭቃው ለሁለታችንም ይበቃል። ፈረሱ የኔን እርምጃ እየጠበቀ እስከ ልብስ ሰፊዎቹ ሠፈር ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ከዚያ ደሳለኝ ለባለጋሪው አንድ ነገር አለው፤ ጋሪውም ጭቃውን እየረጨ ወደ መናኸሪያው ቀደመኝ። ዕዳዬ እስኪያልቅ የምከፍለውን አሁን አውቀዋለሁ፤ ባንኩ ሊጨምርብኝ አይችልም። ማድ ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ ስልኬ ጮኸ፤ የደሳለኝን ስም አየሁበት። ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ሌላውን እግሬን ታጠብኩ።